ጥቆማ፦ የቆየ መጽሐፍ በጥሩ ቆዳ የሚጠርዝ ባለሙያ በጎጃም

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስሁት፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመ የአንድ ልብ ወለድ የመጀመሪያ እትም አለኝ። የጀርባው ሙጫ ደርቆ ቅጠሎቹ መላቀቅ ስለ ጀመሩ በጥሩ የፍየል ቆዳ ላስጠርዘው አስቤአለሁ። ለከተማ ማተሚያ ቤት ልስጠው ወይስ የብራና መጻሕፍት ለሚደጉሱ (ገበታና ቆዳ ለሚያለብሱ) ሊቃውንት?

ከባሕር ዳር፦
ማተሚያ ቤት ከመውሰድዎ በፊት የደረሰብኝን ይስሙ። አያቴ በታተመ ዳዊታቸው ኅዳግ ላይ የልጆቻቸውን የክርስትና ዕለት በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ማተሚያ ቤት ዳዊቱን ከጎን በስቶ ሰፋውና ሦስቱን ጠርዝ በመቁረጫ ማሽን አስተካከለው። የእናቴ ዕለት ላይ «፲፱፻» የሚለው ብቻ ቀርቶ የቀረው አኃዝ ከቁራጩ ጋር ተጥሏል። ቆዳ ነው የተባለው ልባስም ፕላስቲክ ሆኖ በክረምቱ ተላጠ።

ከሞጣ፦
በእኔም የሠርግ አልበም ላይ እንዲሁ ሆኗል፤ ገንዘቤንም አልመለሱልኝም። ለአልበም የሚሆን ጥሩ ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ከቢቸና፦
ከእኛ ደብር መሪጌታ ወዲያ ደጓሽ የለም። የክዳኑን ገበታ ከዋንዛ እንጨት ጠርበው፣ ጥራዙን በጅማት ሰፍተው፣ ባሕር አረብ የተባለውን ቀይ ቆዳ አልብሰው፣ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ሲያትሙበት ላየ ሰው ሌላ ቦታ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦
ወንድሜ፣ የተጠየቀው ስለ ወረቀት ልብ ወለድ እንጂ ስለ ወንጌል አይደለም! የእንጨት ገበታ ለብራና የተበጀው ብራና በእርጥበትና በድርቀት ስለሚጠማዘዝ ተጭኖ እንዲይዘው ነው። ያን ክብደት በስስ ወረቀት ላይ ቢጭኑት መገጣጠሚያውን ይገነጥለዋል።

ከቢቸና፦
መሪጌታ ወረቀትም ያውቃሉ። ሥራቸውን ሳያዩ አይፍረዱ።

ከዳንግላ፦
ጠያቂያችን፣ መጀመሪያ የመጽሐፉን ጀርባ ከላይ በኩል አስተውለው ይመልከቱ። ቅጠሎቹ እየታጠፉ በጥራዝ በጥራዝ የተደራረቡ ከሆኑ በእጥፋቸው መካከል በክር ሊሰፉ ይችላሉ፤ ነጠላ ቅጠሎች ከሆኑ ግን ሥራው ሌላ ነው። ማንም ይሥራው ማን፣ ጠርዙ እንዳይቆረጥ አስቀድመው ይዋዋሉ። በነጭ ኮላ ፋንታ ከስንዴ የተሠራ ሙጫ ይጠይቁ፤ ወደፊት ጥገና ቢያስፈልገው በውኃ እርጥበት ይለቃልና። ቆዳው በክሮም ኬሚካል ሳይሆን በዕፅ የለፋ ይሁን፤ የብረት ማኅተም አጥርቶ የሚቀበለው እርሱ ነው። ክዳኑ በሚታጠፍበት ስፍራ ቆዳው በስለት ተፍቆ ካልሳሳ ሲከፈት እየጎተተ ቅጠሉን ይቀድዳል። ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ግን የቀድሞውን ልባስ እንዳይጥሉ ነው። የመጀመሪያ እትም ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እንደ ወጣ ያለውን ነው፤ ምንም ያህል ያማረ አዲስ ቆዳ የዋናውን ልባስ ቦታ አይተካም። እኔ ብሆን የተላቀቁትን ቅጠሎች ብቻ አስጠግኜ፣ በቆዳው ማኅደር (የመጽሐፍ መያዣ ከረጢት) አሠራለት ነበር።

ከባሕር ዳር፦
ይህን ምክር ያኔ ባገኘሁት! ያ የተቆረጠ ጽሑፍ በምንም መንገድ አይመለስም?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አየሁት፤ ቅጠሎቹ የታጠፉ ናቸው፣ ክሩም በከፊል አለ። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ የሚሰፋ ማን አለ?

ከቢቸና፦
መሪጌታ አሉ እያልሁ። ማኅደርም ከእርሳቸው ወዲያ የሚሰፋ የለም።