በወንድሜ ጉበት ላይ የ3.4 ሴንቲ ሜትር እጢ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምናውን የት እናሠራ?

ጥያቄ (የዘጌዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ የ47 ዓመት ሰው ሲሆን ባሕር ዳር ውስጥ የእህል ነጋዴ ነው። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ደም ሊሰጥ በሄደበት ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ተነግሮት ነበር፤ የሚያመው ነገር ስላልነበረ ግን ክትትሉን ችላ አለው። በዚህ ወር ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሣ በጉበቱ ቀኝ ክፍል አንድ እጢ ታየ፤ ከዚያም በሲቲ ስካን 3.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጉበት ካንሰር መሆኑ ተነገረን። ሐኪሙ በጊዜ የተገኘ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት እንደሚችል ነግሮን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልን። ቤተሰቡ ግን ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ወገን ዘጌ ያለንን የቡና ቦታ ሸጠን ሕንድ እንውሰደው ሲል፣ ሌላው እዚሁ ሀገር ውስጥ ይሠራለት ይላል። የክርክሩ መነሻ የአክስቴ ልጅ ያነበበው ቁጥር ነው፦ የጉበት ካንሰር ታማሚ ጃፓን ውስጥ 60 ወር፣ ከግብፅ ውጭ ባሉ የአፍሪካ ሀገሮች ግን 2 ወር ተኩል ብቻ ይኖራል ይላል። ይህ እውነት ከሆነ እዚህ ማሠራት እያየን ወንድማችንን መግደል አይሆንብንም ወይ?

መልስ (ቀዶ ሐኪም፣ ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ቁጥሮቹ የተፈለሰፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ስለ ወንድምዎ የሚናገሩት ጥቂት ነው። የ60 ወሩ ቁጥር በ14 ሀገሮች ከ18 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ካካተተውና ብሪጅ ከተባለው ጥናት የተወሰደ ሲሆን፣ የ2 ወር ተኩሉ ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ ሀገሮች ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ከታተመ ሌላ ጥናት የመጣ ነው። ሁለቱም የቆጠሩት በሽታው የተገኘባቸውን ሁሉ እንጂ በጊዜ ደርሰው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ብቻ አይደለም። በብሪጅ ጥናት ውስጥ ሰሜን አሜሪካ 33 ወር፣ አውሮፓ 24 ወር እንደነበሩ ብነግርዎት፣ የጃፓን ብልጫ ከቢላው ስለት እንዳልመጣ ይገባዎታል። ጃፓን ውስጥ የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ቢያንስ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣል፤ በዚህም እጢው ገና የአውራ ጣት ጫፍ ሲያህል ይገኛል። እኛ ክፍል የሚመጣው አብዛኛው ታማሚ ግን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው እብጠት በእጅ እየተዳሰሰ ነው፤ እንዲህ ያለውን ታማሚ ቶኪዮ ቢወስዱትም ቢላ አያነሡበትም።

የወንድምዎ እጢ አንድ ነው፣ ከ5 ሴንቲ ሜትርም ያንሳል። እንዲህ ያሉ፣ ቀሪው ጉበታቸው ደህና የሆነ ታማሚዎች በሠለጠነ ቡድን ሲሠራላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ልምድ ባላቸው ማዕከሎች በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የሚሞተው ከመቶ ከሦስት ሰው በታች ነው። ደስ የማይለውንም ልንገርዎት፦ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶው እስከ ሰባ በሚደርሱት ላይ እጢ እንደገና ይወጣል። ይህን ጃፓንም አላሸነፈችውም። ስለዚህ የትም ቢሠራለት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስትና በየአራት ወሩ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሚነሣበትንና የቫይረሱን መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚወስድበትን ቦታ አብረው ያስቡ።

እባክዎ ጉበቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩትን የቢሊሩቢን፣ የአልቡሚንና የአይኤንአር (የደም መርጋት ፍጥነት) ውጤቶች፣ እንዲሁም የፕላትሌቱን (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ሕዋሳት) ቁጥር እዚህ ይጻፉልን። ሆዱ ውኃ ቋጥሯል ወይ? ግራ መጋባት ታይቶበት ያውቃል ወይ? ከፕላትሌቱ በቀር፣ ሐኪሞች ጉበቱን ሀ (ደህናው)፣ ለ ወይም ሐ (በጣም የተዳከመው) ብለው የሚመድቡት በእነዚህ ነው፤ ጠባሳ ያለበት ጉበት ሲቆረጥ ቢያንስ 40 ከመቶው መትረፍ ሲኖርበት፣ ጤነኛው ከ20 እስከ 25 ከመቶ ቢተርፍለትም ይችለዋል።

መልስ (ሕንድ ደርሳ የመጣች)

ባለቤቴን በተመሳሳይ በሽታ ሕንድ ወስጄው ነበርና የደረሰብንን ልንገርሽ። ቤታችንን ሸጠን ሄድን። የያዝነው የሲቲ ስካን ውጤት የተተየበበትን ወረቀት ብቻ ነበር፤ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ያነሡት ሰዎች አልሰጡንም፣ እኛም አልጠየቅንም። እዚያ ያለው ሐኪም ወረቀቱን ገልብጦ አየና ወደ ጎን አስቀመጠው፤ ሁሉም ምርመራ ከእንደገና ተሠራ። ከስምንት ቀን በኋላ የተነገረን ፕላትሌቱ ወርዶ 70 ሺህ እንደሆነ፣ በጉሮሮው ቧንቧ ውስጥ የደም ሥሮች ማበጣቸውንና ጉበቱን መቁረጥ እንደማይቻል ነው። እጢው ትንሽ ስለነበር በአልትራሳውንድ እየተመራ በገባ መርፌ አቃጠሉለት፤ በሦስተኛው ቀን በእግሩ እየተራመደ ወጣ። እስካሁን ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚያንገበግበኝ ግን ፕላትሌቱን ባሕር ዳር እያለን በአንድ የደም ምርመራ ማወቅ እንችል የነበረ መሆኑ ነው። ሲዲውን በእጅሽ ሳትይዢ፣ ምስሉንም እዚያ ላለው ሐኪም አስቀድመሽ ልከሽ በጽሑፍ መልስ ሳታገኚ ቲኬት አትቁረጪ።

መልስ (የጣና ዳር ነርስ)

ወንድምዎ ዘጌ ያደገ ከሆነ በልጅነቱ ሐይቁ ውስጥ ሳይዋኝ አልቀረም። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ የቆየ በሽታ ነው፤ የአንጀት ቢልሃርዚያ ደግሞ በጉበት የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ጥሎ ጣፊያን ያሳብጣል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮችንም ይወጥራል። እንዲህ ያለ ሰው የጉበቱ የደም ምርመራ ደህና እየሆነ ፕላትሌቱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አልትራሳውንድ የሚያነሣው ባለሙያ ጣፊያውን እንዲለካ፣ አስፈላጊ ከሆነም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የጉሮሮ ቧንቧን ማየት) እንዲደረግለት ይጠይቁ።

አስተያየት (ወንድምነህ)

የእኛ ቤት ሽማግሌዎች ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይላሉ። በዚህ ላይ የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳን።

መልስ (ቀዶ ሐኪም፣ ባሕር ዳር)

ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋል፤ የሚያስፈራ ነገር ካለ መርፌው ነው። ለናሙና ተብሎ የጉበት እጢ በመርፌ ሲወጋ፣ ከመቶ ሰው በሁለት ወይም በሦስቱ ላይ መርፌው ባለፈበት መንገድ የካንሰር ዘር ሊቀር ይችላል። የጉበት ጠባሳ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ፣ እጢው በሲቲ ስካን መጀመሪያ ፈክቶ ቆይቶ ከጠቆረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ናሙና መውሰድ ሳያስፈልግ ካንሰርነቱ ይታወቃል። እግረ መንገዴን፦ ጸበሉን ማንም አይከለክልም፤ ለጉበት ተብሎ የሚጠጣውን የሥር መድኃኒት ግን እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስና ከዚያም በኋላ አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ምክንያቱም የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት ነው።

ጠያቂዋ (የዘጌዋ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ውጤቱ ይኸው፦ ቢሊሩቢን 0.9፣ አልቡሚን 3.8፣ አይኤንአር 1.1፣ ፕላትሌት 142 ሺህ። ሆዱ ውኃ አልቋጠረም፣ አእምሮውም ደህና ነው። ጣፊያው በመጠኑ አብጧል ተብሏል። የጉበት ንቅለ ተከላ ይሻላል ያሉንም አሉ።

መልስ (ቀዶ ሐኪም፣ ባሕር ዳር)

ጉበቱ ሀ ምድብ ውስጥ ነው፤ ትልቁ መልካም ዜና ይህ ነው። ንቅለ ተከላን በተመለከተ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚላን መመዘኛ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ እጢ፣ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ እስከ ሦስት እጢዎች ላሉበት ሰው ይፈቅዳል፤ ወንድምዎ በመጠኑ ይገባበታል። ሆኖም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲሆን፣ ሕንድ ውስጥ ደግሞ ጉበት የሚገኘው በአብዛኛው ከጉበቱ ቆርሶ ከሚሰጥ ጤነኛ ዘመድ ነው፤ ይህም ሁለተኛ ሰው ቢላ ሥር ማስገባት ነው። መቁረጥ የሚችል ጉበት ላለው ሰው እኔ ከዚያ አልጀምርም።

አዲስ አበባ ከሚያገኙት ሐኪም ጋር ሲቀመጡ ሳያፍሩ ይጠይቁት፦ ቡድኑ በዓመት ስንት ጉበት ይቆርጣል፣ በ90 ቀን ውስጥ ስንቱ ሞተ፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋና በቂ ደም በዚያ ቀን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ወይ። ይህን በቁጥር የሚመልስልዎት ቡድን ካለ፣ ለእንዲህ ያለ አንድ እጢ ሀገር መልቀቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ወይም ቀጠሮው ወራት የሚወስድ ከሆነ ግን ወደ ውጭ መሄዱ ተገቢ ነው፤ እጢው በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላልና። እስከዚያው እናንተ ወንድምና እህቶቹ፣ ባለቤቱና ልጆቹም ጭምር ለሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ።

ጠያቂዋ (የዘጌዋ)

ከስድስታችን አምስታችን ተመርምረን ታናሹ ወንድማችን ላይ ቫይረሱ ተገኘ፤ እሱም አልትራሳውንድ ተነሥቶ እጢ እንደሌለው ታውቆ በየስድስት ወሩ እንዲመለስ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ሲዲውን ትናንት አስገልብጠን ወስደናል። አዲስ አበባ ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው፤ የቡናውን ቦታ ሊገዛ የመጣውን ሰው እስከዚያ እንዲታገሠን ነግረነዋል።