ክብራንን ስናልፍ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ምን ይሆን?

የጣናው
ሰላም ናችሁ? ባሕር ዳር ነኝ፣ በጀልባ ሰው ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ። ሞተሬ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ ነው። አሮጌ ነው፣ ግን አሳፍሮኝ አያውቅም ነበር።

ይኸው ሦስት ሳምንቱ። ከወደቡ ስነሳ እንደ ጥይት ነው። ክብራን ገብርኤል ደሴትን አለፍ ስል ድምፁ ይለወጥና ጉልበቱ ግማሽ ይሆናል። አይጠፋም። ነዳጅ ብጨምርለትም ያው ነው። ቀስ ብዬ ስነዳው ግን ምንም አይል።

ካንዴላ ሁለቱንም ቀይሬያለሁ። ካርቡራቶሩንም አስጠረግሁ፤ መካኒኩ «አሁን አዲስ ሆነ» ብሎ ብሩን ተቀበለኝ፣ በማግስቱ ያው በሽታ። ማቀዝቀዣ ውሃውን በደንብ ይሸናል፣ አይግልም። ፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭም ገመድም የለም።

የሚገርመኝ፣ የሚብስበት ጠዋት ስሄድ ነው። ከሰዓት ስመለስ፣ ያውም ነፋስ ተነስቶ፣ ይሻለዋል። ባለፈው እሑድ ዘጠኝ ሰው ይዤ መሃል ላይ ደከመ። ቤንዚን አልቆ ይሆን ብዬ ጀሪካኑን ከፍቼ አየሁ። አለ። ዘግቼ ነዳጅ ስሰጠው ተወነጨፈ። አንዲት እናት «ኪዳነ ምሕረት ናት» አሉ፣ እኔም አሜን አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን እንደገና።

የጫሞ ልጅ
ወንድሜ፣ ከአርባ ምንጭ ነኝ። ከፍታውን አትርሳ። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ነው። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ያንተ 40 ፈረስ እዚያ ሲደርስ 33 አካባቢ ነው የሚቀረው። ፒቹ (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ሞክር።

የጣናው
አመሰግናለሁ። ግን ጣና እኮ ከክብራን በኋላ ዳገት የለውም 😀 ከወደቡ ስነሳ ደህና የነበረው በዚያው ከፍታ ነው።

ካቻቢቴ
የጣናው፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ጀሪካኑን ከፈትክ፣ ሞተሩ ነፍስ ዘራ። ለመሆኑ ጀሪካን ምን አመጣው? ዋናው ታንከር የት ሄደ? ክዳኑስ ላይ አየር ማስገቢያ አለው?

ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ጀሪካኑ ራሱ መልሶ ይስባል፣ የሞተሩ ፓምፕ ደግሞ አቅሙ ትንሽ ነው። ቀስ ብለህ ስትነዳ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ ይበቃዋል። በሙሉ ጉልበት ግን እንዲህ ያለ ሞተር በሰዓት ከ15 ሊትር አያንስም። ጠዋት የባሰው ጀሪካኑ ሙሉ ስለሆነ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይጨነቃል። ከሰዓት ግማሽ ስለሚሆን ይቆይልሃል። ነፋሱ የለበትም።

ነገ ረዳትህ ቱቦው መሃል ያለችውን በእጅ የምትጨመቅ ላስቲክ ይያዛት። ሞተሩ ሲደክም ጠፍጣፋ ሆና ከቀረች ችግሩ ከእሷ እስከ ጀሪካኑ ባለው ነው። ቅርጿ ደህና ሆኖ ስትጨመቅ ጉልበት ከተመለሰ፣ የሞተሩን የቤንዚን ፓምፕ ፍታ፤ ውስጡ ያለችው ስስ ላስቲክ ተቀድዳ ይሆናል። ብትጨመቅም ለውጥ ከሌለ ወደ ካርቡራቶርና ወደ እሳቱ እንመለሳለን።

እስከዚያ ግን ሲደክም ነዳጅ እየሰጠህ አታስገድደው። እንዲህ ያለ አሮጌ ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ቤንዚኑ ውስጥ ተቀላቅሎ ነው። ቤንዚን ካነሰው ዘይትም አነሰው ማለት ነው። ፒስተን ትበላለህ።

የጣናው
ካቻቢቴ፣ እጅህ ይባረክ። ላስቲኳ ጠፍጣፋ! የጀሪካኑ ጎንም ወደ ውስጥ ገብቷል። ከፈትኩት፣ «ፍስስ» ብሎ አየር ሳበ።

ታንከሩ ከወር በፊት ተሰነጠቀ፣ ለጊዜው ብዬ ነበር ጀሪካን ያደረግሁት። ክዳኑን በስቼ ቱቦ አስገባሁ፣ አጠገቡ ትንሽ የአየር ቀዳዳም አበጀሁ። ከዚያ አንዲት ተሳፋሪ ሽታው አመመኝ ስላሉ በፌስታልና በፕላስተር አሸግኋት። ረስቼው ነበር። ለመካኒኩም አልነገርኩትም።

ፕላስተሩን ነቅዬ ዛሬ ሄድኩ። ዘጌ ድረስ አልደከመም። ግን ሙሉ ስሰጠው ትንሽ ትንሽ ይንተባተባል።

አሮጌው ጀልበኛ
የቤንዚን ቱቦህ የመኪና የጎማ ቱቦ ነው አይደል? ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይላላጥና ሲሳብ ይዘጋል። የጀልባ ሞተር ቱቦ አድርግ፣ ጫፍና ጫፉን በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ) አጥብቅ። ላላ ካለ አየር ይስባል፣ ያንተባትበዋል።

ጀሪካኑንም ቶሎ ገላግለው። ቀዳዳ ያለው ጀሪካን ማዕበል ሲመታው ቤንዚን ይረጫል፣ ከሰው ጋር ደግሞ እሳት ነው። ክዳኑ ላይ የአየር ብሎን ያለው ታንከር ግዛ። ስትነሳ ብሎኑን ፍታው፣ ታንከሩን ተሸክመህ ስትሄድ እሰረው።

የጣናው
አዎ ጋሼ፣ የመኪና ነው። ስቆርጠው ውስጡ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። አዲስ ቱቦ ገባ፣ መንተባተቡም ቀረ። ታንከሩ ከአዲስ አበባ ሐሙስ ይደርሳል፤ እስከዚያ ሰው አልጭንም።

ካቻቢቴ
ሽታው አመመኝ ያሉት እናትስ?

የጣናው
«ኪዳነ ምሕረት ናት» ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው። ከሐሙስ በኋላ ከፊት ነው የማስቀምጣቸው።