የፍራንዝ ዮሴፍ ዘውድ ለምን በሴቶች ልጆቻቸው ወገን አልወረደም?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ከታኅሣሥ 1848 እስከ ኅዳር 1916፣ ማለትም 68 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ድረስ የነገሡት የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ አንድ ወንድና ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደው ነበር። አልጋ ወራሹ ሩዶልፍ በ1889 ማየርሊንግ በተባለ ቦታ ራሳቸውን ገደሉ። ይሁን እንጂ የሩዶልፍ ልጅ ኤልሳቤትና ልጆች የወለዱ ሁለት ሴቶች ልጆች እያሉ፣ ዘውዱ ወደ ንጉሡ ወንድም የልጅ ልጅ ወደ ካርል ሄደ። እኛ አገር ዳግማዊ ምኒልክ ከልጃቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋ የተወለዱትን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገዋል፤ ኢያሱ ሲሻሩም ዘውዲቱ ነግሠዋል፣ ያውም ፍራንዝ ዮሴፍ ባረፉበት በ1916። በጠገራ ብራችን ላይ ያሉት ማሪያ ቴሬዛስ ሴት አልነበሩምን? ሴት የነገሠችበት ቤት ሴቶችን ከውርስ የከለከለው በምን ምክንያት ነው?

መልስ (ከመሐል ሜዳ)

ወንድሜ፣ ነገሩ እንግዳ የሚሆንብን እኛ መንዞች ድሮ ርስት ስንጠይቅ በአባትም በእናትም በኩል ቆጥረን ወደ አቅኚው አባት መድረስ ስለ ለመድን ይመስለኛል። የኦስትሪያ ነገሥታት ዘር የሆነው የሀብስቡርግ ቤት ግን እንዲህ አይቆጥርም ነበር። የማሪያ ቴሬዛ አባት ካርል 6ኛ በ1713 ያወጡት፣ ፕራግማቲክ ሳንክሽን የተባለው ድንጋጌ ሴት እንድትወርስ የፈቀደው ወንድ ወራሽ ጨርሶ ሲጠፋ ነበር፤ ማሪያ ቴሬዛም በ1740 የአባታቸውን ግዛት የያዙት ወንድ ስላልተገኘ ነው። እርሳቸው ግን 16 ልጆች ወለዱ፣ የልጆቻቸውም ዘር ተባዛ፤ በፍራንዝ ዮሴፍ ዘመን ዘውድ ሊወርስ የሚችል ልዑል ሞልቶ ተርፎ ነበር። ስለዚህ የንጉሡ ሴቶች ልጆች ጊዜላና ማሪ ቫለሪ፣ የሩዶልፍም ልጅ ቢሆኑ፣ ተራ የሚደርሳቸው እነዚያ ወንዶች ሁሉ ሲያልቁ ብቻ ነው። ምኒልክ ወራሻቸውን በራሳቸው ቃል መረጡ፤ ፍራንዝ ዮሴፍ ግን ወደዱም ጠሉም ተራው ያመጣውን ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

ከሩዶልፍ ቀጥሎ ባለ ተራው የንጉሡ ወንድም ካርል ሉድቪግ ነበሩ። የእርሳቸው ታላቅ ማክሲሚሊያን የሜክሲኮ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1867 በጥይት ተረሽነዋል። ካርል ሉድቪግም በ1896 ሞቱ፤ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ሲመለሱ የዮርዳኖስን ውኃ በመጠጣታቸው ታመሙ ይባላል፤ ለእኛ ለጠበል ሰዎች ደስ የማይል ወሬ ነው። ተራው ለልጃቸው ለፍራንዝ ፈርዲናንድ ደረሰ።

መልስ (ከአንኮበር)

የመሐል ሜዳው መምህር ያሉት ልክ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ልጨምርበት። የዚያ ቤት ሕግ የሚጨክነው በሴቶች ልጆች ላይ ብቻ አልነበረም። ፍራንዝ ፈርዲናንድ የወደዷት ሶፊ ቾቴክ የአንዲት ልዕልት ደንገጡር ነበረች፤ ከመኳንንት ወገን ብትወለድም ቤተሰቧ ከነገሥታት ወይም ከገዢ መሳፍንት ቤት ስላልነበረ ለንጉሣዊ ጋብቻ አትመጥንም ተባለ። ንጉሡ ጋብቻውን የፈቀዱት ከእርስዋ የሚወለዱ ልጆች ዘውድ እንዳይወርሱ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሰኔ 28 ቀን 1900 በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ ነበር። ባልና ሚስቱ ሳራዬቮ ላይ የተገደሉት ሰኔ 28 ቀን 1914 ነው፤ ቀኑ ገጥሞ መዋሉ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ሦስት ልጆች ትተው ቢሞቱም መሐላው ስለ ቆለፈባቸው ዘውዱ ወደ ሟች ወንድማቸው ወደ ኦቶ ልጅ ዞረ፤ እርሱም ካርል ነው።

ጠገራ ብሩን ስላነሱ፣ ማሪያ ቴሬዛ የፍራንዝ ዮሴፍ የአያታቸው አያት ናቸው። በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት 1780 ሲሆን፣ በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚለው መርሐቸው በላቲን ተቀርጿል። ፍራንዝ ዮሴፍ በ1857 ይህ ብር የውጭ ንግድ ገንዘብ እንዲሆን አወጁ፣ በተከታዩ ዓመትም በኦስትሪያ ውስጥ መገበያያነቱ ቀረ። በገዛ አገሩ የተሻረው ብር በእኛ ገበያ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሠርቷል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሕጉ ገብቶኛል። ታዲያ ንጉሡ አንድያ ወንድ ልጃቸውን እንዴት አድርገው ቢያሳድጉት ነው እንዲያ የሆነው?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ ከቤቱ አስተዳደር ይጀምራል። ንጉሡ በብረት አልጋ የሚተኙ፣ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ወረቀት ላይ የሚያቀረቅሩ ሰው ስለ ነበሩ የልጆቹን ነገር ለገዛ እናታቸው ለሶፊ ለቀቁት። እቴጌ ኤልሳቤት በ16 ዓመታቸው ተድረው የመጡ ነበሩ፤ አማታቸው የመጀመሪያይቱን ሕፃን በራሳቸው ስም ሶፊ አሰኝተው ወደ ክፍላቸው ወሰዱ። ያቺ ሕፃን በሁለት ዓመቷ በ1857 ቡዳ ላይ ሞተች። ሩዶልፍ በ6 ዓመቱ ጎንድረኩር ለተባለ የጦር መኮንን ተሰጠ፤ ሰውየው ልጁን ጠንካራ ወታደር አደርጋለሁ ብሎ ከእንቅልፉ በሽጉጥ ተኩስ ይቀሰቅሰው እንደ ነበር ይነገራል። በ1865 እቴጌይቱ «የልጆቼን አስተዳደግ እኔ ልወስን» ብለው ለባላቸው ቁርጥ ያለ ደብዳቤ ስለ ጻፉ መኮንኑ ተነሣ። ሩዶልፍ ከዚያ በኋላ ለሊበራል አሳብ ካደሉ መምህራን ተምሮ አደገ፤ ንጉሡም በመንግሥት ምሥጢር አላስጠጉትም። እቴጌይቱ ራሳቸው በ1898 ጄኔቫ ላይ ሉኬኒ በተባለ ጣልያናዊ በተሳለ ሞረድ ተወግተው ሞቱ።

አባቷ ሲሞት ገና 5 ዓመቷ የነበረችው የሩዶልፍ ልጅ ኤልሳቤት በ1902 ከማዕረግዋ ዝቅ ያለ መስፍን ለማግባት የውርስ መብትዋን ትታ ወጣች። በኋላ የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አባል ሆነች፤ በ1963 ስትሞትም ከአያቷ ቤት የወረሰችውን ብዙ ቅርስ ለኦስትሪያ ሪፐብሊክ ተናዝዛ ሄደች።