«መተርጉም» በአባ ሰላማ ስም ላይ ምን ማለት ነው?

በ14ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያ ጳጳስ የነበሩት አባ ሰላማ «መተርጉም» ሲባሉ፣ ቅጽሉ የአንድምታ (የመጻሕፍት ባህላዊ ማብራሪያ) መምህርን ያመለክታል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ መልሴ አያመለክትም የሚል ነው። ግራ የሚያጋባው፣ ዛሬ በጉባኤ ቤት (በቤተ ክርስቲያን የከፍተኛ ትምህርት ቤት) «መተርጉማን» ሲባል «አንድም» እያሉ የመጻሕፍትን ምሥጢር የሚያወርዱ ሊቃውንት መታሰባቸው ነው። የግእዙ «ተርጐመ» ግን ምሥጢር መፍታትንም፣ ቃልን ከልሳን ወደ ልሳን ማሻገርንም ይይዛል፤ ለእኚህ ጳጳስ የተሰጠው በሁለተኛው ፍቺ ነው።

አቡነ ሰላማ ከእስክንድርያ መንበር ተሹመው በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ግብፃዊ ሲሆኑ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1348 እስከ 1388 ድረስ አርባ ዓመት በጵጵስና ቆይተዋል። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ መጻሕፍቷን በዐረብኛ መጻፍ ከጀመረች ቆይታ ስለነበር፣ ወደ ግእዝ የገባውም ከዐረብኛው ነው፤ በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው ግብረ ሕማማት ለእርሳቸው ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ ነው። ስንክሳር (የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ የሚያነብ መጽሐፍ) በነሐሴ 21 ንባቡ መዝጊያ በሰላምታ ግጥም ሲያመሰግናቸው፣ መዓዛቸው ከከርቤና ከዓልው (ከእሬት) በሚጥም ከንፈሮቻቸው መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መሻገራቸውን ያነሣል። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሌላው መጠንቀቂያ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በቅዱስ አትናቴዎስ የተሾሙት የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጳጳስ ፍሬምናጦስም «አባ ሰላማ» መባላቸው ነው። የፍሬምናጦስ ቅጽል «ከሣቴ ብርሃን» (ብርሃንን የገለጠ) ነው፤ ይሁንና የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም ለእርሳቸውም ስለሚሰጥ፣ «ሰላማ ተረጐመው» የሚል ጽሑፍ ያገኘ ሰው የትኛው ሰላማ እንደሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። ምንጩ ግሪክኛ ነው ወይስ ዐረብኛ የሚለው ብዙውን ጊዜ ይለያቸዋል።



«መተርጉም»ን በአማርኛ «አስተርጓሚ» ብሎ መመለስም አይስማማኝም፤ አስተርጓሚ በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል ቆሞ የሚያግባባ ነው፣ የመጽሐፉ ሰው ግን «ተርጓሚ» ነው።