ቀረጡ 50 በመቶ ሆኖም መኪና አምራቹ ከመገጣጠም ያላለፈው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ተገጣጥሞ በሚገባ መኪና ላይ 50 በመቶ፣ ተፈታትቶ በሚገባው (ሲኬዲ) ላይ ደግሞ 5 በመቶ ቀረጥ ቢጣል የአገር ውስጥ ፋብሪካ የሚያገኘው ከለላ 45 በመቶ ነው አይደል? ይህን ያህል ተደግፎ ለምን ብሎን ከማጥበቅ አያልፍም?

መልስ 1፦
45 አይደለም፤ እንዲያውም የማያልፈው ድጋፉ ስለበዛ ነው። በዓለም ገበያ 10,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና እንውሰድ። ክፍሎቹ 8,000 ቢሆኑ የመገጣጠሙ ሥራ ዋጋ 2,000 ነው። ቀረጡ ሲጨመር መኪናው እስከ 15,000 ይሸጣል፣ ክፍሎቹ 8,400 ይፈጃሉ፤ ለገጣጣሚው 6,600 ይተርፈዋል። ለ2,000 ዶላር ሥራ 6,600! ጭማሪው 4,600 ስለሆነ እውነተኛው ከለላ የ2,000ው 230 በመቶ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ እያተረፈ ብየዳና ቀለም ቤት የሚተክልበት ምክንያት የለውም። ተቀብቶ የመጣ ቦዲ ከሲኬዲ እኩል ከተቀረጠማ ጭራሽ አያስበውም። ቀረጡ በደረጃ ይሁን፦ ለተቀባ ቦዲ ከፍ ያለ፣ ተበይዶ ላልተቀባ መካከለኛ፣ ላልተበየደ ቆርቆሮ ዝቅተኛ።

መልስ 2፦
በደረጃ መቅረጡ ብቻውን አይበቃም፤ ገበያው ለብዙ ሞዴል ከተከፋፈለ ዋጋ የለውም። የቦዲ ማተሚያ ሻጋታ 5,000 መኪናም ይውጣበት 100,000 ወጪው ያው ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ 5 አምራቾችና 13 ሞዴሎች ነበሯት፤ መንግሥት ወደ 3 አምራቾችና 6 ሞዴሎች ለማውረድ አቀደ። 57.5 በመቶ የነበረው ቀረጥም በ2010 5 በመቶ ደረሰ። ፎርድ በ2016፣ ቶዮታና ሆልደን በ2017 ማምረት አቆሙ።

ጠያቂው፦
ታዲያ ደቡብ ኮሪያ እንዴት ተሳካላት?

መልስ 1፦
የውጭ መኪና ከልክላ ነበር፤ ግን ርካሽ የባንክ ብድሩ ከኤክስፖርት ውጤት ጋር የተሳሰረ ነበር። ሃዩንዳይ ፖኒ የተባለውን መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ማምረት ጀምሮ በ1976 ወደ ኢኳዶር ላከ፤ ሞተሩ ገና የሚትሱቢሺ ነበር። የውጭ ገዢ በቀረጥ አይታለልም፤ ጥራቱን የሚፈትነው እሱ ነው።

መልስ 3፦
ያንን ዛሬ መድገም ከባድ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት በኤክስፖርት መጠን የሚሰጥ ድጎማን ይከለክላል (በጣም ድሃ አገሮች ነፃ ናቸው)፤ «ይህን ያህል በመቶ የአገር ውስጥ ዕቃ ተጠቀም» የሚል ግዴታንም እንዲሁ። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1996 «ቲሞር» ለተባለው ብሔራዊ መኪናዋ ቀረጥና የቅንጦት ታክስ አንስታ ጃፓን፣ አሜሪካና አውሮፓ ከሰሷት፤ በ1998 ተፈረደባት። ያውም መኪናው ተገጣጥሞ ከደቡብ ኮሪያው ኪያ ፋብሪካ ይመጣ ነበር። ለሥልጠናና ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ ሊያስከስስ ቢችልም በራሱ የተከለከለ አይደለም። የድጋፉ ክፍያ ማሽኑ ተተክሎ ከተፈተሸ በኋላ ይሁን፤ የሚያበቃበት ዓመትም ገና ሲጀመር በሕጉ ይጻፍ።