«ሙከራ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ፦ ለ8ኛ ክፍል በሚዘጋጅ የሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ «ኤክስፐሪመንት»ን «ሙከራ» ማለት ይበቃል? «የግድያ ሙከራ» ሲባል እኮ ዳር ያልደረሰ ነገር ነው። «ፈተና» አይሻልም ትላላችሁ?

መልስ፣ ከሐረር፦ ፈተና ይቅር፤ 8ኛ ክፍል ላለ ልጅ ፈተና ማለት ሚኒስትሪ ነው። ሙከራ ሥሩ ጠንካራ ነው። በግዕዝ «አመከረ» ፈተነ ማለት ነው። «መከራ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ በግዕዝ የፈተና ትርጉም አለው፣ አማርኛችን ውስጥ ግን ሥቃዩ አመዘነ። የሠራተኛ «የሙከራ ጊዜ»ን ደግሞ ተመልከቱ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እዚያ ላይ ሙከራ መፈተን እንጂ ያልተሳካ ጥረት አይደለም። ኤክስፐሪመንትም ከላቲኑ «ኤክስፔሪሪ» ነው የመጣው፣ መሞከር ማለት ነው። «ኤክስፐርት»ም የዚያው ግስ ልጅ ነው፤ ሞክሮ ያወቀ እንደማለት። የዓረብኛው «ተጅሪባ» ሙከራንም ልምድንም ይይዛል፤ የሶማልኛው «ቲጃቦ» ከእሱ የተወሰደ ነው።

ሌላ መልስ፣ ከድሬዳዋ፦ አቦ፣ ችግሩ ስሙ ላይ ሳይሆን ግሱ ላይ ነው። «ውሃ ለማፍላት ሞከረ» ካልክ ተማሪው «አልፈላለትም እንዴ?» ይላል። «በውሃ መፍላት ላይ ሙከራ አካሄደ» ብለህ ጻፈው።

ከልኬትም ለዩት። ውሃ ድሬ ላይ 96፣ ሐረር ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል፤ ሐረር ከፍታዋ ስለሚበልጥ የአየሩ ግፊት ያንሳል። ይህን ማንበብ ልኬት ነው። ሙከራ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ሆን ብለህ ለውጠህ ሌላውን እንዳለ ስታቆየው ነው፦ ሁለት ተመሳሳይ ድስት፣ በእያንዳንዱ 1 ሊትር ውሃ፣ በአንደኛው ብቻ 58 ግራም ጨው። ጨው ያለበት በ1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይፈላል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ቂጥ ከነካ ግን የሚያነበው የብረቱን ሙቀት ስለሆነ ያቺ 1 ዲግሪ ትጠፋለች። ልዩነት ባይታይም «ሙከራው ከሸፈ» አትበሉ፤ የሚከሽፈው ጥረት ነው። «ውጤቱ ግምቱን አልደገፈም» ይባል።

ከሐረር፦ በዚህ እስማማለሁ። «ቤተ ሙከራ»ንም ለትምህርት ቤቱ ተዉት። ሐኪም ቤት ደምና ሽንት የሚታይበት ክፍል ሥራው ምርመራ ነው፤ ሰዉም «ላብራቶሪ» ነው የሚለው።