ወንድሜን ቤት ሆነን ማስታመም እንችላለን? አልጋ የለም ተባልን

የጀሞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዛሬ ወንድሜን የመጠበቅ ተራው የኔ ነው።

23 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ጓደኞቹ ደውለው "ልክ አይደለም፣ ኑና ውሰዱት" አሉን። ከመጣ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም። ጎረቤት ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ይቀርፀኛል ይላል። የክፍሉን መጋረጃ ዳርና ዳሩን በመርፌ ቁልፍ ገጥሞታል። ምግብ እናታችን ቀድማ ካልጎረሰች አይነካም። ትናንት እኔን ራሱ "ማን ልኮሽ ነው?" አለኝ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው።

ሆስፒታል ወስደነው ነበር። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ጊዜ ሰጥቶ አናገረው። ግን አልጋ የለም። ማታ ማታ የሚዋጥ ሪስፐሪዶን የሚባል ክኒን ጽፎለት በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለን። አንድ ቀን ዋጠ፣ በማግስቱ እምቢ አለ።

አሁን ቤታችን ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አባባ ጸበል ይሂድ ይላል። አጎቴ ጎረምሶች ሰብስቦ፣ አስሮ ሌላ ሆስፒታል ሊወስደው ነው። እናቴ ደግሞ ክኒኑን ፈጭታ ሽሮው ውስጥ ልታደርግለት አስባለች። እኔ እዚሁ ቤቱ ሆኖ እንዲሻለው ነው የምፈልገው። ይቻላል? ያደረገው ሰው አለ?


ደሴ ልጅ

እህቴ አይዞሽ። እኔ ግን ቤት ይሁን ለማለት እፈራለሁ። አክስታችንን ስድስት ወር ቤት አቆየናት። ያልፋል እያልን። "አማኑኤል ገባች" እንዳይባል ብለን ሰው ሲመጣ በር እየዘጋን። በመጨረሻ ስንወስዳት 38 ኪሎ ሆና ነበር። ደበቅናት እንጂ አላስታመምናትም። አሁን ደህና ናት፣ ክትትል ላይ ናት። ስድስቱ ወር ግን እስካሁን ይቆጨኛል።


ሳይካትሪ ነርስ

እህቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሳይካትሪ ነርስነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ወንድምሽን ስላላየሁት የሐኪሙን ቦታ አልወስድም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ለእናትሽ አንብቢላቸው። እማማ፣ እባክዎን ክኒኑን ሽሮ ውስጥ አይጨምሩ። ልጅዎ የተጠራጠረው ምግቡን ነው። እስካሁን የሚበላው እርስዎን ስላመነ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጣዕሙ ከተለየበት ወይም ሲጨምሩ ካየዎት፣ መድኃኒቱም ምግቡም አብሮ ይቀራል። ደግሞ ቀድመው የሚጎርሱት እርስዎ ነዎት፤ ያልታዘዘልዎትን መድኃኒት ሊውጡ ነው።

ይልቅ እህቴ፣ አንቺ ብቻሽን ሐኪሙ ጋ ተመለሺ። አስታማሚ ብቻውን መጥቶ ማማከር ይችላል። እምቢ ያለበትን ምክንያት ይዘሽ ሂጂ። እሱን መጠየቅ አለብሽ እንግዲህ። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ "አልወስድም አለ" ይለኛል፤ ለምን እንዳለ ግን የጠየቀው የለም። አንዱ ስለሚያደክመው ነው፣ አንዱ ስለሚያወፍረው፣ አንዱ መርዝ መስሎት። የእያንዳንዱ መፍትሔ ይለያያል። ሲረጋጋና ሲስማማ በወር አንዴ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ፤ ሰው ሞዲኬት የሚለው። ያን ሐኪሙ ይወስናል።

ቤት መሆን የማይቻልበት ጊዜ አለ። ትኩሳት ካለው፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ካላወቀ፣ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ወባም ማጅራት ገትርም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ውሃና ምግብ ፈጽሞ ካቆመ፣ ሰው ለመጉዳት ከተነሳ፣ ወይም "ራስህን ግደል" የሚል ድምፅ ከሰማ እንደዚያው። በቀጥታ ጠይቂው፦ "መሞት ያስብሃል ወይ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው። እስከዚያው መርዝም ስለትም ከቤት አውጡ። መድኃኒቱንም አንቺ ቆልፊበት፣ የዕለቱን ብቻ እያወጣሽ ስጪው።

ዲሹን በተመለከተ አትሟገቺው። "አዎ ይቀርፅሃል"ም አትበዪው። "ለኔ አይታየኝም፤ አንተ ግን እንደፈራህ ይገባኛል፣ አብሬህ አለሁ" በቂ ነው። ቤቱ ጸጥ ይበል። ጠያቂ ዘመድ በአንዴ አንድ ሰው ይግባ። ጫት ከነበረ ጨርሶ ይቅር፣ እንቅልፉን የሚያጠፋው እሱ ነው።

የገመዱን ነገር አጎትሽን እኔ ልለምናቸው። የታሰረ እጅ ነርቩ ይጎዳል። አንጓቸው ጠቁሮ፣ ቆዳቸው ተልጦ የመጡ ልጆችን ቁስል አጥቤያለሁ። ህመሙ ከለቀቃቸው በኋላም ጣታቸው እንደልብ የማይታዘዝ አሉ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሲባሉ የሚያስታውሱት ገመዱን ነው፤ ለክትትል እሺ አይሉም።

ከአባትሽ ጋር ደግሞ አትጋፊ። አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ጊዜ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው ይሁኑ ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር። እኔ የምከታተለው አንድ ቤተሰብ የንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው ልጃቸው ክኒኑን በጸበል ነው የሚውጠው። አባትየው ነው በየማታው የሚቀዳለት። አንድም ቀን አልዘለለም።

መድኃኒቱን ሲጀምር አንገቱ ወደ ጎን ከጠመዘዘው ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ከተተከለ አትደንግጡ፣ ግን በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በመርፌ ይለቀዋል። ሰውነቱ ደርቆ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ ግን አደገኛ ነው፣ አንድም ደቂቃ አትጠብቁ።

አገራችን ውስጥም ቤት ለቤት ተሞክሯል። ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን ከጤና ጣቢያ እየወሰዱ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ ይደግፏቸው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከዓመት በኋላ በዕለት ኑሯቸው ድጋፉን ካላገኙት ይሻሉ ነበር። ያ ግን ለረጅም ጊዜ ለታመሙ ነበር። እንዲህ ህመሙ በተነሳበት ሰዓት ቤት ድረስ የሚመጣ ቡድን ለማግኘት እኛ አገር በጣም ከባድ ነው። ማስታመሙን ሕዝባችን ያውቅበታል። በሩን የሚያንኳኳ ባለሙያ ነው ያጣነው። በየሳምንቱ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ "አልጋ የለም" የምለው እኔ ነኝ፤ እነሱን ተከትዬ ቤታቸው ብሄድ እያልኩ ነው የማድረው።


ለንደን 20 ዓመት

የኔ እህት፣ ጽሑፍሽን አንብቤ እንባዬ መጣ። የኔ ልጅ ሁለት ጊዜ ታሟል። አንዴ ሆስፒታል፣ አንዴ ቤት።

በመጀመሪያው ፖሊስ ነው የወሰደው። "ሴክሽን 2" የሚሉት ሕግ አለ፣ ያለ ፈቃዱ እስከ 28 ቀን ያቆዩታል። እንግሊዝ ውስጥ ጥቁር ሰው እንዲህ የመያዝ ዕድሉ ከነጩ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። ልጄ 26 ቀን ቆየ። ተሽሎት ወጣ፣ አልክድም። ግን ለወራት የበር ደወል በሰማ ቁጥር ሽንት ቤት ገብቶ ይቆልፍ ነበር።

በሁለተኛው "ክራይሲስ ቲም" ቤት መጡ። መንግሥት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዕቅድ በመላው እንግሊዝ 335 እንዲህ ያሉ ቡድኖች ይቋቋሙ ብሎ ነው የተስፋፉት። ነርስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሶሻል ወርከር አለ። መጀመሪያ ላይ በቀን ሁለቴ ይመጡ ነበር፣ ጠዋትና ማታ። ማታ የምደውልበት ቁጥርም ሰጡኝ።

የመጀመሪያ ቀን የመጣችውን ነርስ ልጄ "ጫማሽን አውልቂ" አላት። አወለቀች። እሱ መሬት ተቀምጦ ስለነበር እሷም መሬት ተቀመጠች። ክኒኑን ከነማሸጊያው ሰጠችውና "ራስህ ክፈተው" አለችው። ውሃ ስሰጠው ፈራ። እሷ ምን አለች መሰለሽ? "ሱቅ ሄደህ ራስህ የመረጥከውን ውሃ ግዛ፣ እጠብቅሃለሁ።" ሄደ። ተመለሰ። ክዳኑን ራሱ ከፍቶ፣ ጠብ ሲል ሰምቶ ዋጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ሳምንት እንደዚያ ዋጠ። እኔ 26 ቀን ሙሉ በሆስፒታሉ መስኮት የለመንኩትን ነገር ሳሎኔ ውስጥ አየሁት።

ያልተመቸኝንም ልንገርሽ። በየቀኑ ሌላ ሰው ነበር የሚመጣው። ልጄ ታሪኩን ከመጀመሪያ እየደገመ ሰለቸው። በመጨረሻ አንድ ገጽ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት፤ ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ጫማ እንዲያወልቁ። ሌላው፣ እነሱ የሚቆዩት 20 ደቂቃ ነው። የቀረው ሰዓት የኔ ነበር። ሥራ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። የቡና ጓደኞቼ ተራ ገብተው ነው የረዱኝ፤ አንዷ ማክሰኞ፣ አንዷ ዓርብ። ስለዚህ ሰው ንገሪ። አታፍሪ። ብቻችሁን ሌሊት ከተፈራረቃችሁ በሁለተኛው ሳምንት እናንተም ትታመማላችሁ።


የጀሞዋ

ዘጠኝ ቀን ሆነኝ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ለምን እምቢ እንዳለ ጠየቅኩት። ክኒኑ ስለሚያስተኛው ነው። ተኝቶ ሳለ ይመጡብኛል ብሎ ነው የፈራው። እኛ ግን መድኃኒቱን የጠላ ነበር የመሰለን። ብቻዬን ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ከኔው ስልክ ላይ ደውሎ አናገረው። የተስማሙት እኔ በሩ ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ከተኛሁ እንደሚውጥ ነው። ውሃውን ከታች ሱቅ ራሱ ይገዛል፣ የታሸገ። አባባ ጸበሉን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ያስጠጣዋል፣ ክኒኑ ማታ ነው። ስለ መሞትም ጠየቅኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። "አላስብም፣ ግን ደክሞኛል" አለኝ።

በአራተኛው ሌሊት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። እናቴ በየመሀሉ እየመጣች እኔን ተሻግራ ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር።

አልዳነም። ዲሹን አሁንም ይፈራል። የእድራችን ሁለት እናቶች ቀን ቀን እየመጡ እናቴን ያሳርፏታል፤ እነሱንም መጀመሪያ ቀን አባሯቸው ነበር። ትናንት ግን ከመጋረጃው አንዱን መርፌ ቁልፍ ነቅሎ ለእናቴ ሰጣት። ነጠላዋ ሲንሸራተት አይቶ ነው።

ሰኞ ቀጠሮ አለን። መኪና ይዞ የሚመጣው አጎቴ ነው። ብቻውን።